የተቆረጠችው «ይሉናል»

ረጅሜ ይሏታል፤ ቁመቷ ግን ከዳቦ ቤቱ ባንኮኒ በላይ ጭንቅላቷን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስሟን ሰምቶ የመጣ እንግዳ ደንበኛ ዓይኑን ወደ ላይ አንጋጦ ሲፈልጋት፣ ከታች ሆና «ወዲህ ነኝ፣ ጣሪያው ላይ ምን ያዩልኛል?» ትለዋለች። ረጅሙ ወሬዋ ነበር። አንድ ሰው «ዳቦው ትኩስ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «አዎ» ብላ አታልፍም። ዱቄቱ ጠዋት እንዴት እንደመጣ፣ ያመጣው ባለጋሪ ከሚስቱ ተጣልቶ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ፣ እሷ ምን ብላ እንደመከረችው፣ እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላት፣ እርሾው ደግሞ በብርዱ እንዴት እንደለገመ ተርካ ተርካ፣ መጨረሻ ላይ «እና አዎ፣ ትኩስ ነው» ትላለች። እስከዚያ ዳቦው ቀዝቅዟል።

የሰው ወሬ ስታወራ ደግሞ ሰውየውን ሆና ነው። ባለጋሪው ሲናገር ድምፅዋ ይወፍራል፣ ሚስቱ ስትመልስ ይቀጥናል፣ አማች ጣልቃ ስትገባ አንገቷን ሰበር አድርጋ በአፍንጫዋ ትናገራለች። በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሸንጎ የተቀመጠ ይመስለዋል። «ማን ማን አለ?» ብሎ ብቅ ሲል፣ እጇን በዱቄት ነክራ ብቻዋን ሊጥ ስታቦካ ያገኛታል። ብቻዋንም አልነበረችም ለነገሩ። ባሏ ምድጃው አጠገብ ትሪ እያስገባ እያወጣ ያግዛታል። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ወገቡን አሞት ከተወው ወዲህ ከሷ ጋር ነው የሚውለው። ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ለባልና ሚስት ከተሰጠው ንግግር እሷ የራሷንም የሱንም ወስዳለች ይላል። ልጅ አልወለዱም። ያ ያመጣው ዝምታ ቤታቸው ገብቶ እንዳይቀመጥ ነው መሰል ገና በወጣትነቷ ነው ወሬዋን ማርዘም የጀመረችው።

ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የእንጨት ሱቆች የተደረደሩበት የቆየ ገበያ ነበር። ጫማ ሰፊው፣ ቁልፍና ክር ሻጩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ የሻይ ቤቱ ሴትዮ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ከሱቆቹ አንዷ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ትሠራለች። ረጅሜ «እታለም» ትላታለች፤ በሥጋ አይዛመዱም፣ በቀን ብዛት እህትማማች የሆኑ ናቸው። የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ የሚጠገን ልብሷን በክንዷ አንጠልጥላ መንገዱን ትሻገራለች። ቀጠሮ የለም፣ ጥሪም የለም። ትመጣለች፣ የዱቄት ጆንያው ላይ ትቀመጣለች፣ ከዳቦው ጥግ ትቆርሳለች፣ መርፌዋን ታወጣለች። ረጅሜ ታወራለች፣ እሷ ትሰፋለች። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ብቻ ቀና ትልና «እህ፣ ከዚያስ?» ትላለች።

ይህች «ከዚያስ» የረጅሜ ምግቧ ነበረች። ሌላው ሰው ወሬዋን ግማሽ ላይ ትቶት ዳቦውን ይዞ ይሄዳል፤ እስከ መጨረሻው የምትሰማት እታለም ብቻ ናት። እርሾው ከሚቀመጥበት በላይ ባለው መደርደሪያ አንዲት ሬዲዮ ነበረች፤ ዜና ሲመጣ ሁለቱም ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ። ረጅሜ ሹም ሲናገር ሹሙን፣ ዜና አንባቢው ሲያነብ አንባቢውን ሆና ትደግመዋለች። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ይዛ ይዛ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን በዚህ ምላስሽ ትታሰሪያለሽ» ትላታለች። «ከታሰርኩማ ጠባቂዎቹ ናቸው የሚያሳዝኑሽ» ትላለች ረጅሜ።

ምርጫ ሲቃረብ ነገር መጣ። የከተማው ሹሞች ገበያው ፈርሶ ቦታው ላይ ረጅም ሕንፃ እንዲሠራ አስበዋል። ይህን ቢያውጁት ሰው ምን እንደሚል ያውቁታል፤ ግማሹ ከተማ ጫማውን ያሰፋው፣ ልጁን ያለበሰው እዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አላወጁም። ቴሌቪዥኑ ብቻ ስለ ገበያው ማውራት ጀመረ። ካሜራው ሱቆቹን ሁልጊዜ ከኋላቸው ነበር የሚያነሳው፣ የቆሻሻው ገንዳ ባለበት በኩል፣ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሲጨቀይ። አንድ ማታ ስለ እሳት አደጋ ይነገራል፣ አንድ ማታ ስለ ኪስ አውላቂ፣ አንድ ማታ ደግሞ የሌላ አገር ከተማ ይታያል፤ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሰዉ ሁሉ የሚስቅ። «ይፍረስ» ያለ ሰው የለም። ግን ቀስ በቀስ፣ ጤዛ ልብስ ውስጥ እንደሚገባው፣ ነገሩ በሰው ውስጥ ገባ።

አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፣ ቁልፍና ዚፕ ከገበያው ስትገዛ የኖረች። አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ምነው፣ ቦርሳዎ ታሟል እንዴ እንዲህ ያቀፉት?» አለቻት ረጅሜ።

«ሌባ በዝቷል አሉ እኮ እዚህ ሰፈር።»

«ተሰርቀው ያውቃሉ?»

«እኔስ አልተሰረቅኩም። ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሴትዮዋ ስትወጣ ረጅሜ ቦርሳ ታቅፋ፣ ዓይኗን ግራ ቀኝ እያንከራተተች፣ ዳቦ ቤቱን ዞረችው። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም።

«ረጅሜ፣ ይሄ አያስቅም» አለች። «ሴትዮዋ ስንት ዘመን በእግሯ ረግጣ የምታውቀውን ትታ የሰማችውን ያዘች።»

ከዚያ በኋላ ነው ጋዜጠኛዋ የመጣችው። ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል፣ ከኋላዋ ካሜራ የተሸከመ ሰው ተከትሏታል። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ለደንበኛ የሰፋችውን ልታደርስ ሄዳ አልነበረችም። «እማማ፣ ስለ ገበያው የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያስብ ልንጠይቅ ነው፣ ትንሽ ያወሩናል?» አለች ጋዜጠኛዋ። ረጅሜን «ትንሽ ያውሩን» ማለት ወንዝን በብርጭቆ መጠየቅ ነው። የራስ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቅንድቧ ላይ ያለውን ዱቄት ግን አላየችውም፣ ጀመረች።

ስለ ጫማ ሰፊው አወራች። ሰዓት ጠጋኙ ዓይኑ እየደከመ ሰዓቱን በጆሮው እያዳመጠ እንደሚጠግን አወራች። ስለ እታለም ደግሞ፣ ባሏ ሲሞት አንዲት ልጇን በዚያች የስፌት መኪና እንዴት እንዳሳደገች፣ እንዴት እንዳስተማረች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ አወራች። ካሜራ የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ሳቀ፣ አንድ ጊዜ አፍንጫውን ጠረገ። መጨረሻ ላይ ረጅሜን ወሬው በጣም ሞቃት፤ ፊቷን ኮስተር፣ ድምፅዋን ረጋ አድርጋ፣ እንደ አንድ አስተዋይ የተከበረ ሰው ሆነችና እንዲህ አለች፦

«ገበያው አርጅቷል፤ እሳት ያሰጋል፤ ሌባም ይደበቅበታል፤ ለልጆቻችን ሲባል መፍረስ አለበት ይሉናል ማታ ማታ። እኛ ግን እዚህ ያለነው ሰዎች ሌባውን አላየነውም። ያየነው ጫማ ሰፊውን ነው።»

ባሏ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ለሱ ይህ ትልቅ ጭብጨባ ነው። ጋዜጠኛዋ እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት። ረጅሜ ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ማታ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ገበያው ውስጥም ሰዉ ሁሉ ሻይ ቤቱ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ «ረጅሜ ልታወራልን ነው» ተብሎ። ዜናው መጣ። ገንዳው ታየ፣ ጭቃው ታየ። ከዚያ የረጅሜ ፊት ሙሉውን መስታወት ሞላው፣ ቅንድቧ ላይ ካለው ዱቄት ጋር።

«ገበያው አርጅቷል፤ እሳት ያሰጋል፤ ሌባም ይደበቅበታል፤ ለልጆቻችን ሲባል መፍረስ አለበት።»

አለቀ። ከሥሯ «የአካባቢው ነዋሪ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ሹም መጥቶ፣ ሕዝቡ ራሱ ለውጥ እየጠየቀ መሆኑን ተናገረ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው «ደኅና እደሩ» እያሉ ወጡ። ረጅሜ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ባሏ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ቴሌቪዥኑን አፍጥጦ አየና፣

«‹ይሉናል›ዋ የት ሄደች?» አለ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃ ወጣ። የሚሻገር ሰው የለም። መንገዱ ወዲያ ማዶ የሱቆቹ መዝጊያዎች ይከፈታሉ፤ የሚያያት ግን የለም። ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል ያገሬው ሰው፤ የሷ ነገር ደግሞ ያመለጣትም አልነበረም፣ ተነጥቃ ነው። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተሻገረች። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል፣ ቁልፍ ሻጩም አለ። እታለም አቀርቅራ መኪናዋን ትረግጣለች።

«እታለም፣ አላልኩም እኮ!» አለች ረጅሜ። «ይሉናል ነው ያልኩት! እነሱ ይሉናል ነው ያልኩት!»

«እኛ ደንቆሮ ነን እንዴ?» አለ ቁልፍ ሻጩ። «ሰው ነገረን አላልንሽ። በዓይናችን አየንሽ፣ በጆሯችን ሰማንሽ።»

«ቆርጠውብኝ ነው! ባሌ ነበር፣ ጠይቁት!»

«ባልሽ ለማን ሊመሰክር ኖሯል?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ያ ሳቅ እሷ ዳቦ ቤቷ ውስጥ ስታስነሣው እንደኖረችው ዓይነት አልነበረም። ረጅሜ ሰዎቹን ትታ ወደ እታለም ብቻ ተመለከተች። እሷ መኪናዋን መርገጧን አላቆመችም። ጨርቁ ከመርፌው ሥር ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣ መጨረሻው ደርሶ መርፌው ባዶውን ወጋ።

«ሥራ ይዣለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል።

ረጅሜን የባሰ የጎዳት ግን ሙገሳው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። «በቴሌቪዥን ያየሁዎት እርስዎን አይደል? ጎሽ! እውነት የሚናገር ሰው ጠፍቷል» አላት። ለማስረዳት ጀመረች፤ ሰውየው መውረጃው ደርሶ ግማሽ ላይ ጥሏት ወረደ። ያቺ ቁራጭ ንግግር እስከ ምርጫው ድረስ ማታ ማታ ተደጋገመች። በየቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ፣ «አያችሁ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እንኳ ምን አለች» ተባለ። ቦርሳቸውን ያቀፉ ሰዎች በዙ። የሚገርመው፣ እሷ ራሷ አንዳንዴ ስክሪኑን እያየች «እውነትም ይህች ሴትዮ ታሳምናለች» ብላ ታስብ ነበር።

ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደች። ዘበኛው ብዙ ካቆማት በኋላ ያቺ ወጣት ጋዜጠኛ ወደ በሩ ወጣች። ፈገግታዋ አሁንም አለ፣ ግን ቸኩላለች።

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም የምቆርጠው። እኔ አምጥቼ እሰጣለሁ፣ ውስጥ ያሳጥሩታል። ሰዓት የለንም እኮ።»

«ልጄ፣ አንዲት ቃል ብትጨመር ስንት ሰዓት ትፈጅ ነበር?»

«ድምፁ የእርስዎ አይደለም ወይ?» አለች ቀስ ብላ።

«የኔ ነው።»

«ቃሉስ?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላርመው?»

ልጅቷም ክፉ አልነበረችም፤ ዓይኗን ወደ ጫማዋ መልሳ «ይቅርታ እማማ» አለችና ገባች።

ምርጫው አለፈ፤ ገበያውን የሚያፈርሱት አሸነፉ። ሱቆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነሡ። እንጨቱ ሲሰበር፣ ምስማር ከሳንቃ ሲነቀል፣ ድምፁ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር። የእታለም የስፌት መኪና በገመድ ታስሮ በእጅ ጋሪ ሲያልፍ ረጅሜ በሩ ላይ ቆማለች፣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ። ልብስ ሰፊዋ ከጋሪው ጎን መኪናዋን በእጇ ደግፋ ትሄዳለች። ዳቦ ቤቱ ፊት ሲደርሱ እርምጃዋ ትንሽ ዘገየ። ረጅሜ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከኋላ ቁልፍ ሻጩና ሌሎቹ ጓዛቸውን ተሸክመው እየመጡ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አቀርቅራ አለፈች። ወዴት እንደሄደች ለረጅሜ የሚነግራት አልተገኘም።

ከዚያ የመጣውን ዘመን ባሏ ብቻ ነው የሚያውቀው። ረጅሜ ማውራቷን አላቆመችም፤ ግን አነጋገሯ ተበላሸ። ማንም እንዳይቆርጥባት «ይላሉ»ን ከፊትም ከኋላም ትቀረቅራለች። «ይላሉ እንግዲህ፣ ዱቄት ሊወደድ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ይላሉ» ትላለች። ደንበኛው ግራ ይጋባል። የሰው ድምፅ ማስመሰሉንማ ጨርሳ ተወችው። አዳዲስ ደንበኞች መጡ፤ «ለምንድን ነው ረጅሜ የሚሏት?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ጠፋ። ሬዲዮዋን ባሏ አንድ ቀን ሊከፍታት ሲል «ተዋት፣ ትረፍ» አለችው።

ከሁሉም የባሰው ወሬው ሲጠራቀም ነው። አንድ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ሰውዬ ያስተከለው አዲሱ ጥርሱ ሲያስነጥስ ተወርውሮ ሚዛኑ ላይ አረፈ፤ ደንበኛው ደግሞ ኮስተር ብሎ «ለሱ አልከፍልም» አለ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ረጅሜም ሳቀች፤ ወዲያው ግን «ይሄንንስ ለእታለም» አለች በሆዷ፣ ሳቋም እዚያው ደረቀ። ጨው እንደሚቀመጥ ወሬዎቹን ታስቀምጣቸው ጀመር። ይህን እነግራታለሁ፣ ያን እነግራታለሁ። ዱቄት ጆንያ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ቦታ ነው፤ ማንም ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «ይቅርታ፣ ይሸነቆራል» እያለች ታስነሣለች። አይሸነቆርም።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛ ተቀምጣ ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነበር። አንድ የማታውቀው ገበሬ ታየና «ውሃው ይበቃናል» አለ። ጠፋ። ረጅሜ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ሰውየው ተመልሶ የሚመጣ ይመስል፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

«ከዚያስ?» አለች ድምፅ አውጥታ።

አጠገቧ የተቀመጠው ጎረምሳ ዞር ብሎ አያት። «ከዚያማ የአየር ሁኔታ ነው እማማ» አላት።

አንድ ክረምት፣ ገበያው የነበረበት ቦታ ገና በቆርቆሮ እንደታጠረ፣ አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ ዳቦ ልትገዛ ገባች። ልጅቷ የለበሰችው ኮት ቁልፎች ላይ የረጅሜ ዓይን ተሰካ። ክሩ ከቁልፉ ሥር ተጠምጥሞ ትንሽ አንገት ተሠርቶለታል። እንዲህ አድርጋ ቁልፍ የምትተክል አንዲት ሴት ብቻ ታውቃለች።

«ይህን ማን ሰፋው?» አለች። ድምፅዋ ስለተለወጠ እናትየዋ ደነገጠች።

የነገረቻት ቦታ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ነው። ረጅሜ ሽርጧን ለባሏ ሰጠችው። «ምድጃውን እይልኝ» አለችው። «የት ልትሄጂ ነው?» አላለም። «ሻርፕ ድረቢ፣ ይዘንባል» ብቻ አላት።

አንድ አውቶቡስ ይዛ ወረደች፣ ሌላ ያዘች። መንገድ ላይ የምትናገረውን ታስተካክል ነበር። ለዓመታት ያዘጋጀችው ንግግር ነው፤ መጀመሪያው ቁጣ፣ መካከሉ እንባ፣ መጨረሻው ይቅርታ። ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ከልጇ ጋር ነበር፣ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ምድር ቤት። መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ጠጉሯ ነጥቷል።

«መጣሽ?» አለች፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

«መጣሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው በአንድ ቃል የምትመልሺው?»

ገቡ፣ ተቀመጡ። ረጅሜ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ እንደ በነነ ዱቄት ጠፋባት። «አላልኩም እኮ እታለም» ብቻ አለች።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ያን ማታውኑ ነው ያወቅኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሻይ ቤት ከሁሉም ጋር ቆሜ ነበር ያየሁሽ። ‹መፍረስ አለበት› ብለሽ ዝም ስትዪ፣ በሆዴ ‹ይቺ ረጅሜ አይደለችም› አልኩ። አንቺ በዕድሜሽ መቼ ነው አንድ ነገር ተናግረሽ እዚያው ላይ ያቆምሽው?»

ረጅሜ ልትስቅ ነበር፤ የወጣው ግን እንባ ሆነ። ብዙ ጊዜ የተመኘችው ይህንኑ ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን እንደ ቢላ ገባ። ሳታውቅ ብትርቃት ይሻል ነበር። እያወቀች?

«ታዲያ ለምን?»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ደጋግማ ጠረገች።

«ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ ነበር የሚናገረው። ቁልፍ ሻጩ ጠረጴዛ ይደበድባል። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ታለቅሳለች። ‹ቆርጠውባት ነው› ልል አፌን ስከፍት፣ ከኋላ አንዱ ‹ጓደኛዋም አብራ ሳትበላ አትቀርም› አለ። ዘጋሁት አፌን። ነገ እሻገርላታለሁ አልኩ። ሲነጋ አንቺ ቀድመሽ መጣሽ፣ እነሱ ከበውኛል። በማግስቱ ደግሞ ‹ትናንት ለምን ዝም አልኩ› የሚለው ጨመረበት። ዝምታ ለካ እንዲህ ነው ረጅሜ፤ ሲገቡበት በሩ ሰፊ ነው፣ ሲወጡበት ይጠባል።»

ረጅሜ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። ልትሄድ ትችል ነበር፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ነው፣ በሩም ቅርብ ነው። ልብስ ሰፊዋ አልለመነቻትም፣ «ቆዪ» አላለቻትም። የስፌት መኪናዋ ላይ ያለቀ ሱሪ ተዘርግቷል፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደቆመ ነው። ረጅሜ ጣቷን አውጥታ ቅምቅማቱን ዳሰሰች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣

«ሥጋ ቤቱ ሰውዬ ጥርስ አስተከለ» አለች።

«ማ? ያ አፉን ሸፍኖ የሚስቀው?»

«እሱ። አንድ ጠዋት ቢያስነጥስ...»

ዞረች። የሥጋ ሻጩን ድምፅ አወፈረችው፣ የደንበኛውን ኮስታራ ፊት ያዘችው። ያልተነገረ የዓመታት ወሬ ከአፏ ወጣ። አንዳንዱ ሻግቶ ነበር፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ባለታሪኩ መሞቱን ታስታውስና ትቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ያኔ «ከዚያስ?» አትልም፣ ዝም ብላ ትጠብቃታለች። ልጇ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትመለስ ከደጅ ቆማ አዳመጠች፤ ቤት ውስጥ እንግዶች የተሰበሰቡ መስሏት ነበር።

እንዲህ ነው የታረቁት። ያለፈው ግን በዕርቅ አልተመለሰም። ልብስ ሰፊዋ ጥፋቷን ልታክስ ፈልጋ ቁልፍ ሻጩን ካለበት ፈልጋ አገኘችው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳምጧት፣ አክብሯትም፣ «እንግዲህ እመቤቴ፣ አንቺ ደግ ነሽ። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ» አላት። ይህን ለረጅሜ ስትነግራት ፈራች፤ ረጅሜ ግን ቁልፍ ሻጩን አስመስላ ደገመችውና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ረጅሜ «ተይው፣ እሱም እውነቱን ነው፣ አይቷል» አለች።

አሁን በዕረፍት ቀን ነው የሚገናኙት። ሁልጊዜ የምትሄደው ረጅሜ ናት። «አንድ ቀን እንኳ ነይ፣ ጆንያው አለ» ትላታለች፤ ልብስ ሰፊዋ «እመጣለሁ» ትላለች፣ አትመጣም። ቆርቆሮውን ማየት አትችልም፤ ረጅሜም ይህን አውቃ አትጨቀጭቃትም። ቀጠሮ ያለው ጨዋታ ቀጠሮ እንደሌለው አይሆንም። ወሬውን ከሳምንት ሳምንት ይዛ ስትመጣ፣ ትዝ ያላትን ትነግራታለች፤ ያልነገረቻት ይበዛል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ላይ ሆና፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ብላ ራሷን ትጠይቃለች፣ የዕረፍቱ ቀን ገና መሆኑን ታውቅና ሊጡን ትገለብጣለች።

ሲመሽ ልብስ ሰፊዋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ትሸኛታለች። አውቶቡሱ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፤ ረጅሜ ወሬው መካከል ላይ ናት።

«የሚቀጥለውን እይዛለሁ» ትላለች።

ሾፌሩ ለምዷቸዋል፣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል።